ባዶውን የሚጠብቅ ግድብ

ነሐሴ በገባ ቁጥር አንድ ጥያቄ ተመልሶ ይመጣል። ተንዳሆን የሚያህል ግድብ ከበላያቸው ተገድቦ ሳለ የአፋር ከተሞቹ ዱብቲና አሳይታ ለምን ውሃ ይገባባቸዋል? ጥያቄውን ሎጊያ ላይ ከከባድ መኪና ሾፌሮች ጋር ሻይ ስጠጣ ሰምቼዋለሁ፤ አዲስ አበባ ላይም የአዋሽን ወንዝ ከካርታ በቀር አይተውት ከማያውቁ ሰዎች አፍ ሰምቼዋለሁ። ጠያቂው አብዛኛውን ጊዜ መልሱንም ይዞ ነው የሚመጣው። ወይ ግድቡ ጉድለት አለበት፣ ወይ የሚጠብቁት ሰዎች ተኝተዋል፣ ወይም ደግሞ አንድ ግድብ አልበቃ ስላለ ሌላ ይጨመር ይላል። በተለይ የሚያሳስበኝ ይህ ሦስተኛው መልስ ነው፤ ምክንያቱም ከእሱ ሌላ ምኞት ተወልዷል። ከአዋሽ ሰባት ኪሎ እስከ ሰመራ ባለው መንገድ ስለ ከተማ ልማት ጨዋታ ከተነሳ ብዙ ሳይቆይ የሚከተለው ይመጣል፦ ለከተማችን አንዲት ትንሽ የአፈር ግድብ ብትሠራልን፣ ጎርፉን ትይዝልናለች፣ ውሃው ሐይቅ ይሆናል፣ ዳር ዳሩን ዛፍ እንተክላለን፣ ጀልባ ይገባበታል፣ ቅዳሜና እሁድ ልጆቻችንን ይዘን ነፋስ እንቀበልበታለን።

ምኞቱ ደግ ነው። ግንቦትና ሰኔን ሰመራ ያሳለፈ ሰው ሊስቅበት አይችልም። ሆኖም ምኞቱም ሆነ የነሐሴው ጥያቄ የቆሙት በአንድ የተሳሳተ ግምት ላይ ነው፤ ግድብ ማለት ውሃ ሲመጣ የሚዘጋ በር ነው የሚል ግምት። ግድብ ከበር ይልቅ ለጋን ይቀርባል። ጢም ብሎ በሞላ ጋን ላይ አንድ እንስራ ውሃ ብትገለብጡበት አንድ እንስራ ውሃ መሬት ላይ ይፈስሳል፤ ጋኑ የፈለገውን ያህል ትልቅ ቢሆን ለውጥ የለውም። ስለዚህ ጎርፍ ለመያዝ የሚሠራ ግድብ ትልቁ ሀብቱ ባዶ ቦታው ነው። በተለይ ትንሽ ግድብ ከሆነ ወይ ጎርፍ ይይዛል ወይ ሐይቅ ይሆናል፤ ሁለቱንም ልሁን ካለ ሁለቱንም ያጣል። አዋሽ ሰባት ኪሎና ሰመራ ግድብ ያስፈልጋቸዋል ወይስ አያስፈልጋቸውም ለሚለው ክርክር መነሻ መሆን ያለበት ይህ ይመስለኛል።

ተንዳሆን እንውሰድ። 53 ሜትር የሚቆም፣ 1.86 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ውሃ እንዲይዝ የታቀደ ግድብ ነው። የተሠራው 60 ሺህ ሄክታር መሬት ለማጠጣት፣ በዋናነት ለሸንኮራ አገዳ ነው። አገዳ ውሃ የሚጠማው በበጋ ስለሆነ ግድቡን የሚያስተዳድር ሰው መስከረም ሲጠባ ውሃው አፉ ድረስ ደርሶ እንዲያገኘው ይፈልጋል። ዱብቲ ወንዝ ዳር የተኛች እናት ደግሞ በሐምሌ ግድቡ ባዶ እንዲሆንላት ትሻለች። ሁለቱም ትክክል ናቸው፤ ችግሩ የሚለምኑት አንድን ጋን መሆኑ ነው። ነሐሴ አጋማሽ ላይ ውሃው ከአፉ ከደረሰ በኋላ የሚመጣ ጎርፍ ለግድቡ እንግዳ አይደለም፣ አላፊ መንገደኛ ነው፤ በአንድ በኩል ገብቶ በማስተንፈሻው ይወጣል። በ2012 ዓ.ም. ክረምት አዋሽ ከአሚባራ እስከ አሳይታ ከአልጋው ወጥቶ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሲፈናቀሉ ቆቃም፣ ከሰምም፣ ተንዳሆም በቦታቸው ነበሩ። ግድቦቹ ከሌሉ የባሰ ይሆን ነበር ብሎ መከራከር ይቻላል፤ እኔም አልክድም። ግን ግድብ አለ ብሎ ቤቱን ወደ ወንዙ ሃምሳ ሜትር ያስጠጋ ሰው ድሮ ያልነበረበትን አደጋ በራሱ እጅ እንደገዛ መታወቅ አለበት።

ሁለት ከተማ፣ ሁለት ጎርፍ

አዋሽና ሰመራ በአንድ ወንዝ ሸለቆ ቢገኙም ጎርፋቸው አንድ አይደለም። አዋሽ ሰባት ኪሎ የባቡር ከተማ ናት። ወንዙ እዚያ ጋ በጥልቅ ገደል ውስጥ ነው የሚሄደው፤ ከገደሉ አፋፍ ቆሞ ቁልቁል ያየ ሰው ውሃው እስከ ከተማዋ ሊወጣ ይችላል ብሎ አያስብም። አዋሽ ከተማን የሚያሰጋት ከፈንታሌ ተራራና ከዙሪያዋ ካለው ደረቅ መሬት ድንገት የሚወርደው፣ በሁለት ሰዓት ውስጥ መጥቶ የሚያልፈው ጎርፍ ነው። ወንዙ ራሱ መቅሰፍት የሚሆነው ከገደሉ ወጥቶ ሜዳ ካገኘ በኋላ ነው፤ መልካ ሰዲ፣ መልካ ወረር፣ አንጌሌሌ፣ ከዚያም የገዋኔ ረግረግ። በግንጪ ዙሪያ ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ተነስቶ፣ 1,200 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ፣ ባሕር ሳያይ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ውስጥ የሚጠፋ ወንዝ መሬቱ በተዘረጋለት ቁጥር እሱም ይዘረጋል።

ሰመራ ጋ ነገሩ ሌላ ነው። አዋሽ በከተማዋ መሃል አያልፍም፤ በዱብቲና በተንዳሆ በኩል ነው የሚያልፈው። በሰመራና ሎጊያ የሚፈራው የሎጊያ ወንዝ ነው፤ ከወሎ ደጋ ጥግ ተነስቶ ወደ ምሥራቅ የሚወርድ፣ ከዓመቱ አብዛኛውን ጊዜ አሸዋና ጠጠር ሆኖ የሚተኛ ወንዝ። ድልድዩ ላይ በመጋቢት ቆሜ አይቼዋለሁ። ፍየሎች በአልጋው ውስጥ ተበትነዋል፣ ገልባጭ መኪና ከመሃሉ አሸዋ ይጭናል፣ ሁለት ልጆች ከፕላስቲክ የሠሩትን ኳስ ይራገጣሉ። ከድልድዩ ምሰሶ ላይ ግን ከልጆቹ ቁመት በላይ፣ ገለባና የላስቲክ ቅዳጅ ተሰክቶ ነበር፤ ባለፈው ክረምት ውሃው የት እንደደረሰ የሚናገር ምልክት። ሰው ግን ከላይ ያለውን ምልክት ሳይሆን ከታች ያለውን አሸዋ ነው የሚያየው። በድሬዳዋም እንዲሁ ነበር። የደቻቱ ወንዝ አልጋ ገበያ የሚዘረጋበት ደረቅ አሸዋ ነበር፤ ሐምሌ 30 ቀን 1998 ዓ.ም. ሌሊት ግን ከሐረርጌ ተራራ የወረደው ውሃ ከ250 በላይ ሰዎችን ይዞ ሄደ።

የሁለቱን ከተሞች ልዩነት የማነሳው ለመፍትሔው ስለሚያስፈልግ ነው። የቆቃ ግድብ እ.ኤ.አ. በ1960 ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሣ ተሠርቶ ሲመረቅ ኤሌክትሪክ ከማመንጨት ጋር አዋሽን እንዲገራ ነበር የታሰበው። ገርቶታልም። ነገር ግን ከሰም፣ ቀበና፣ ቦርከና፣ ሚሌ፣ ሎጊያ የሚባሉት ገባሮች በሙሉ አዋሽን የሚያገኙት ከቆቃ በታች ነው። በእነዚህ ገባሮች ከሸዋና ከወሎ ደጋ የሚወርደውን ውሃ ቆቃ አያየውም። ቆቃ ራሱም ቢሆን እንደ ጥንቱ አይደለም፤ መጀመሪያ ከነበረው የመያዝ አቅም ሲሶ ያህሉን ከላይ የመጣ ደለል በልቶታል። ደጋው አፈሩን እያረሰ ወደ ታች በላከ ቁጥር የአፋር ባዶ ቦታ ይሞላል። የጎርፍ ክርክራችን ሁልጊዜ ከጉልበት በታች ስለሆነ ራስ ላይ ያለውን እንረሳዋለን።

አፈር ሲገደብ

የአፈር ግድብ ከሁሉም ግድብ የቀለለ ይመስላል። ሲሚንቶ አይፈልግም፤ ዶዘር፣ ሮለር፣ ውሃ የሚረጭ ቦቴና ትዕግሥት ያለው ተቆጣጣሪ ካለ ይሠራል። መሃሉ ላይ ውሃ የማያሳልፍ የሸክላ አፈር እምብርት ይደረግለታል፣ በሁለቱም ወገን ሻካራ አፈርና ድንጋይ ይለብሳል፣ ሁሉም በስስ ንጣፍ እየተደለደለ፣ በልኩ እየረጠበ ይጠቀጠቃል። እርጥበቱ ካነሰ አይያያዝም፣ ከበዛ ጭቃ ሆኖ ይንሸራተታል። በአፋር ፀሐይ አንድ ቦቴ ውሃ የተረጨበት አፈር ሮለሩ ዞሮ እስኪመጣ ድረስ ሊደርቅ እንደሚችል ማንም ፎርማን ይነግራችኋል። ሥራው ቀላል የሚመስለው ስህተቱ ወዲያው ስለማይታይ ነው።

የአፈር ግድብ ውሃ ገፍቶት አይወድቅም። አብዛኛውን ጊዜ የሚሞተው በሁለት መንገድ ነው። አንደኛው ውሃ በአናቱ ላይ ሲያልፍ ነው፤ ኮንክሪት ይህን ሊችል ይችላል፣ አፈር ግን ከታችኛው ጎኑ እየተሸረሸረ በሰዓታት ውስጥ ይከፈታል። ሁለተኛው ውስጥ ለውስጥ የሚሰርግ ውሃ ነው። የእንጨት ሥር የበሰበሰበት ቀዳዳ፣ ጃርት የቆፈረው ጉድጓድ፣ የመሬት መንቀጥቀጥ የከፈተው ስንጥቅ ለውሃው መንገድ ይሆናል፤ ውሃው የአፈሩን ደቃቅ እየተሸከመ ይወጣል፣ ቀዳዳው ይሰፋል። ከግድቡ ግርጌ የሚወጣው ውሃ ንጹሕ እስከሆነ ድረስ ያን ያህል አያስፈራም። ደፍርሶ የወጣ ቀን ነው መሮጥ ያለባችሁ።

በዱብቲ በኩል ባለ የአፈር መከላከያ ላይ ተራምጄ ነበር፤ የአካባቢው ሰው ዳይክ የሚለው ነው። ግመሎችና ፍየሎች ወደ ውሃው የሚወርዱበት ቦታ ላይ የግድቡ አናት በኮቴ ተበልቶ ሁለት ስንዝር ያህል ዝቅ ብሏል። ከጎኑ ፕሮሶፒስ፣ ብዙ ሰው የወያኔ ዛፍ የሚለው እሾሃማ፣ ሥሩን ወደ ውስጥ ሰዷል። ሁለት ስንዝር ምንም ላይመስል ይችላል። ወንዙ ሲሞላ ግን ኪሎ ሜትሮች ከሚረዝመው አፈር ውስጥ የሚመርጠው ያንን ሁለት ስንዝር ነው። ከዚያ ወዲያ የቀረው መከላከያ ጎርፉን ከከተማው ማስወጣቱ ይቀርና ከተማው ውስጥ ያጥረዋል።

አፋር ላይ ደግሞ መሬቱ ራሱ አይረጋም። በ1961 ዓ.ም. ከሰመራ ብዙ የማትርቀውን ሰርዶን የደመሰሳት የመሬት መንቀጥቀጥ ነው። በ1998 ዓ.ም. መግቢያ ላይ በዳባሁ በኩል 60 ኪሎ ሜትር ያህል የሚረዝም ስንጥቅ ተከፍቷል። በ2017 ዓ.ም. ታኅሣሥና ጥር በፈንታሌና በዶፈን መሬቱ ሌት ተቀን ሲንቀጠቀጥ የአዋሽ ፈንታሌ ሰው ቤቱን ጥሎ ሲወጣ፣ በየቦታው የሚጠየቀው ሁለተኛ ጥያቄ የከሰም ግድብ ነበር፤ 90 ሜትር የሚቆም፣ ግማሽ ቢሊዮን ሜትር ኩብ የሚይዝ ግድብ ቢሰነጠቅ ከሥሩ ያለው ሜዳ ምን ይሆናል? ግድቡ አልወደቀም። በደንብ የተጠቀጠቀ የአፈር ግድብ መንቀጥቀጥን ከድንጋይ ግንብ ይልቅ ይችላል፤ ጎብጦ፣ ዝቅ ብሎ ይቀመጣል። የሚያሳስበው በማግስቱ ውሃ የሚያገኘው ስንጥቅ ነው። መንቀጥቀጡ በመጣበት ቀን ከኋላው ውሃ የሌለበት ግድብ ስንጥቁ እስኪጠገን ድረስ ጊዜ ይሰጣል። ይህም ለባዶው ግድብ አንድ ተጨማሪ ነጥብ ነው።

የአፈር ግድብ መዝናኛ ሲሆን ምን እንደሚደርስ ለማወቅ ሩቅ አገር የሆነ አንድ ታሪክ አለ። በአሜሪካ ፔንሲልቬንያ ውስጥ ሳውዝ ፎርክ የሚባል የአፈር ግድብ ነበር፤ ለጀልባ ቦይ ውሃ ማጠራቀሚያ ተብሎ ተሠርቶ፣ ኋላ የሀብታሞች ዓሣ ማጥመጃና ጀልባ መንዳጃ ክበብ ገዛው። የመልቀቂያ ቧንቧዎቹ ቀድሞ ተነቅለው ነበር፤ ክበቡ አልመለሳቸውም። ሠረገላ እንዲያልፍበት የግድቡ አናት ዝቅ ተደረገ። ዓሣዎቹ እንዳያመልጡ ደግሞ ማስተንፈሻው ላይ ወንፊት ተተከለ። እ.ኤ.አ. ግንቦት 31 ቀን 1889 ከባድ ዝናብ ሲጥል ወንፊቱ በቅርንጫፍ ተደፈነ፣ ውሃው በአናቱ አለፈ፣ ግድቡ ተበጠሰ፣ ጆንስታውን ከተማና አካባቢው ላይ 2,209 ሰዎች ሞቱ። ከእነዚያ ለውጦች አንዱም በክፋት የተደረገ አልነበረም፤ ክበቡ ያደረጋቸውም ለመዝናናት ሲባል የተደረጉ ናቸው። የሊቢያዋ ደርና በተቃራኒው መዝናኛ አልነበረባትም። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ጎርፍ እንዲይዙ የተሠሩ ሁለት ግድቦች ነበሯት፤ የሸክላ እምብርትና የድንጋይ ልባስ ያላቸው፣ አብዛኛውን ጊዜ ደረቅ በሆነ ሸለቆ ላይ የተገነቡ። ጥገና ሲጓተት ቆይቶ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 ማዕበል መጣ፤ በአንድ ሌሊት ሁለቱም ሄዱ፣ በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ ተከተላቸው። ስለዚህ ባዶ ግድብ ሥራ አያስፈልገውም የሚል ካለ ደርናን ይጠይቅ።

«ሐይቅማ ይኑረን»

ከእኔ ጋር የማይስማሙት ሰዎች ክርክር ቀላል አይደለም። የመጀመሪያው ሙቀቱ ነው። ሰመራ ቴርሞሜትሩ ከ40 ዲግሪ በላይ የሚወጣባት ከተማ ናት፤ ቤተሰብ ይዞ የሚወጡበት ጥላ ያለው ቦታ ጥቂት ነው። ሰዎች ውሃ ዳር ለመቀመጥ መፈለጋቸው ቅንጦት አይደለም። ሁለተኛው ገንዘብ ነው። ጎርፍ ለመከላከል ብቻ በጀት መጠየቅ ከባድ ነው፤ ጎርፍ ያልመጣ ዓመት ሁሉ ገንዘቡ የባከነ ይመስላል። ሐይቅና መናፈሻ ከታከለበት ግን ፎቶ ይነሳለታል፣ ሪባን ይቆረጥለታል፣ ባለሀብት ይመጣል። ሦስተኛው ክርክር የውሃ ነው፤ ውሃ በሚጠማበት አገር ግድብን ባዶ አድርጎ ውሃን መልቀቅ ነውር አይደለም ወይ? ይላሉ።

ሁለተኛውን ክርክር ሙሉ በሙሉ እቀበላለሁ፤ ፖለቲካው እንደዚያ ነው የሚሠራው። ሦስተኛውን ግን ሒሳብ ያፈርሰዋል። በታችኛው አዋሽ ፀሐይና ነፋስ ከተከፈተ ውሃ በዓመት ከ2 ሜትር በላይ ይተናል፤ ሰመራ ላይ የሚጥለው ዝናብ ደግሞ ከ200 ሚሊ ሜትር ብዙም አይርቅም። ለምሳሌ ያህል 30 ሄክታር ላይ የተንጣለለ፣ በአማካይ 3 ሜትር የሚጠልቅ ኩሬ አስቡ። 900 ሺህ ሜትር ኩብ ውሃ ይይዛል። የሚሰበስበው መሬት 50 ካሬ ኪሎ ሜትር ቢሆንና ከአንድ ዝናብ 20 ሚሊ ሜትሩ ብቻ ወደ ጎርፍ ቢቀየር 1 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ይመጣል። አንድ ዝናብ ብቻውን ሞልቶ ያፈስሰዋል ማለት ነው። የመጀመሪያው ዝናብ የሞላውን ውሃ ለጀልባ ብለን ካቆየነው ሁለተኛው ዝናብ በቀጥታ ወደ ከተማው ይሄዳል። የቀረው ውሃ ደግሞ ክረምት እስኪመለስ ሁለት ሦስተኛው ይተናል፤ ጨው ይቀራል፣ ዳር ዳሩ ጭቃ ይሆናል፣ ጀልባዋ ከሚያዝያ ጀምሮ በጎኗ ትተኛለች። ከዚያ ላይ በየዓመቱ የሚመጣው ደለል አለ። ይህ ሐይቅ አይባልም።

ወባም አለች። በትግራይ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በትንንሽ ግድቦች አቅራቢያ በሚኖሩ ሕፃናት ላይ የተደረገ ጥናት ከግድብ ርቀው ከሚኖሩት ሰባት እጥፍ የሚሆን የወባ መጠን አግኝቷል። ያም በደጋማው ሰሜን ነው። ወባ ጎረቤት ሳትሆን የቤት ባለቤት በሆነችበት ቆላ፣ ከከተማ ጫፍ ላይ የቆመ ጥልቀት የሌለው ውሃ ዳር ለመናፈስ የሚወጣውን ሰው ምሽት ላይ ምን እንደሚጠብቀው ለአዋሽ ሰው አልነግረውም። አዞም እንዳለ ለአፋር ልጅ አይነገርም።

የመጀመሪያውን ክርክር፣ የሙቀቱን፣ ግን መልስ ሳልሰጠው ማለፍ አልፈልግም። ሰመራ ውሃ ዳር መናፈሻ ያስፈልጋታል። መናፈሻው ከመስኖ ቦይ በሚገባ ውሃ የሚሞላ፣ ሰሌን ተነጥፎ የሚቀመጡበት ጥላ ያለው ትንሽ ኩሬ ይሁን፤ በመናፈሻ በጀት ይሠራ፣ በመናፈሻ ስም ይጠራ። አዋሽ በበኩሏ ፏፏቴና ፍል ውሃ ያለው ብሔራዊ ፓርክ አጠገቧ አላት፤ የዶሆም ፍል ውሃ ሩቅ አይደለም። ጉዳቱ የሚመጣው ኩሬውን የጎርፍ መከላከያ ብለን ስንጠራውና ከሥሩ ለቤት መሥሪያ ቦታ ስንሸነሽን ነው።

ጎርፉ የማን ነው?

ከሁሉም የሚዘነጋው ጥያቄ ይኼ ነው። ለከተማ ሰው ጎርፍ ጥፋት ብቻ ነው። ለአፋር አርብቶ አደር ግን ጎርፍ ለብዙ ዘመን የሣር አባት ነበር። አዋሽ አፋር ከረማ በሚለው ዋናው የክረምት ዝናብ ሞልቶ ሜዳውን ይሸፍናል፣ ደለል ጥሎ ይመለሳል፣ ውሃው የሸሸበት መሬት ላይ ሣር ይነሳል፤ በረሃው ሲደርቅ መንጋው ወደዚያ ይወርዳል። ሱጉም የሚባለው የበልግ ዝናብ ቢቀር እንኳ ወንዝ ዳር ያለው ግጦሽ ነፍስ ያቆይ ነበር። ቆቃ ወንዙን ሲገራው፣ የአዋሽ ሸለቆ ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ1962 ሲቋቋምና የጥጥ እርሻዎች ከአሚባራ እስከ ተንዳሆ ሲዘረጉ፣ የተወሰደው መሬት ሜዳው ውስጥ ያለው ምርጡ ነበር። ጎርፉም ቀነሰ፣ ጎርፉ የሚያሳድገው ግጦሽም ታጠረ። በኢትዮጵያ አቆጣጠር የ1960ዎቹ አጋማሽ ድርቅ ሲመጣ አፋር ክፉኛ የተጎዳው ለዚህም ጭምር ነው። ያኔ «ጎርፍ መከላከል» የተባለው ነገር ከጎርፍ የጠበቀው ማንን እንደነበር፣ ጥጡን ወይስ ላሙን፣ ዛሬም የሚያነሱ አዛውንቶች አሉ። ሌሊት ተነስቶ ዳይክ የሚቆርጥ እረኛ ሲያዝ አጥፊ ይባላል፤ መሐንዲሱ ውሃ በዝቶብኛል ሲል እረኛው ውሃ ቀርቶብኛል ይላል፣ ሁለቱም የሚያወሩት ስለ አንድ ሌሊት ነው።

በእርግጥ ወደ ድሮው እንመለስ የሚል ካለ እኔ አይደለሁም። ግጦሹን ፕሮሶፒስ ወርሶታል፣ ከተሞቹ አድገዋል፣ ወንዝ ዳር የሰፈረው ሰው የድሮው መንጋ ተከታይ ብቻ አይደለም። ስኳርና ጥጥም የአገር ሀብት ናቸው። ግን ባዶ ቦታ ሲባል አፋር ላይ ባዶ የሚባል መሬት እንደሌለ ማወቅ ይጠቅማል። ጎርፍ ሄዶበት የሚመለስ መሬት ሣር ነው፤ ሣር ደግሞ ባለቤት አለው።

ባዶ ቦታውን መሥራት

እ.ኤ.አ. በ1913 ማያሚ የሚባለው ወንዝ የኦሃዮዋን ዴይተንን ካጥለቀለቀ በኋላ እዚያ የተሠራው ሥራ ለእኛ ሐይቅ ካላቸው ግድቦች ሁሉ የቀረበ ይመስለኛል። አርተር ሞርጋን የሚባል መሐንዲስ አምስት የአፈር ግድቦች አሠራ፤ በ1922 አለቁ። አንዱም ሐይቅ የለውም። ከሥራቸው የማይዘጋ፣ መዝጊያ የሌለው መተላለፊያ አላቸው፤ ወንዙ በዘወትር ቀን እንደ ልቡ ያልፋል፣ ጎርፍ ሲመጣ መተላለፊያው የሚችለውን ብቻ ያሳልፍና ትርፉ ከኋላ ለጥቂት ቀን ይተኛል፣ ከዚያ ራሱ ይወርዳል። ማንም ቁልፍ አያዞርም፣ ማንም ሌሊት አይጠራም። ከግድቡ ጀርባ ያለው መሬት ታርሷል፣ ልጆች ይጫወቱበታል፤ መዝናኛው ባዶ ቦታው ላይ ነው። ከመቶ ዓመት በላይ ሠርተዋል።

ለሎጊያ ወንዝና አዋሽ ከተማ ዙሪያ ላሉት ደረቅ ሸለቆዎች የሚስማማው እንዲህ ያለ ግድብ ነው እላለሁ። የሁለት ሰዓት ጎርፍን ወደ ሁለት ቀን ጎርፍ የሚያረዝም፣ ደለሉን ከውሃው ጋር አብሮ የሚያሳልፍ፣ ፀሐይ የሚያተነው ውሃ የማያስቀምጥ፣ መንቀጥቀጥ ቢመጣ ባዶ ሆኖ የሚቀበል። ከጀርባው ውሃው የተኛበት መሬት ሣር ያበቅላል፤ ያ ሣር ከግድቡ ሥራ በፊት ለአካባቢው ጎሳ በስምምነት ይሰጥ። ፕሮሶፒስ እየነቀለ፣ ፍየል አናቱን እንዳይበላ እያጠረ ግድቡን የሚጠብቀው ያ ሣሩ ያለው ሰው ነው፤ ከአዲስ አበባ የሚላክ ጠባቂ አይደለም። ሥራው ለከተማ አስተዳደሩ ብቻ ከተሰጠ ሦስት ዓመት ውስጥ ከጀርባው ቦታ ይመራበታል። ይህን የምለው ከጥርጣሬ ብቻ አይደለም፤ እኔ ራሴ በኖርኩበት ከተማ የጎርፍ መውረጃ ቦይ ላይ ሱቅ ሲሠራ አይቻለሁ፣ ባለሱቁ ደረሰኝ ነበረው።

ይህ ግድብ ትልቁን የአዋሽ ጎርፍ አያቆምም። ለዚያ ወንዙ የሚዘረጋበት ቦታ ይቅርለት፤ የገዋኔ ረግረግ አዋሽን እያዘገየ የሚለቅ፣ ማንም ያልገነባው ግድብ ነው፤ ሊያደርቀው የሚፈልግ የእርሻ ፕሮጀክት ሲመጣ የጎርፍ ሒሳቡ አብሮ ይቅረብ። ማስጠንቀቂያም አለ። አፋር ዳጉ የሚባል የዜና መለዋወጫ ሥርዓት አለው፤ ሁለት ሰዎች መንገድ ላይ ሲገናኙ ቁጭ ብለው ያዩትንና የሰሙትን ሳይጨምሩ ሳይቀንሱ ይነጋገራሉ፣ ወሬውም ከመኪና ቀድሞ ይደርሳል ይባላል። በወሎ ደጋ ጥግ ከባድ ዝናብ መጣሉን ሎጊያ ላይ ያለ ሰው በስልክ በዳጉ መንገድ ከሰማ፣ ከአሸዋው አልጋ ፍየሉንና ልጁን ለማውጣት ጊዜ ያገኛል። ለዚህ የሚያስፈልገው ሴንሰር ብቻ አይደለም፤ ደጋ ላይ የሚደውል ሰው፣ ቆላ ላይ የሚያነሳ ሰው ነው።

ትላልቆቹ ግድቦች ላይ ደግሞ የምጠይቀው አንድ ቁጥር ነው። የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ከቆቃ ውሃ ሊለቅ ሲል ለታችኛው ተፋሰስ ማስጠንቀቂያ ያወጣል፤ ጥሩ ነው፣ ግን ማስጠንቀቂያው የሚመጣው ጋኑ ሞልቶ ካለቀ በኋላ ነው። እኔ የምፈልገው ሰኔ 30 ላይ ያለውን ቁጥር ነው፤ ቆቃ፣ ከሰምና ተንዳሆ ዘንድሮ ለጎርፉ ስንት ሜትር ባዶ ትተው ክረምቱን ይቀበላሉ? የአገዳው ሰው ያንን ሜትር ስላጣ ምን ያህል ሄክታር እንደሚቀርበት ይናገር፤ ክርክሩ በዚያ ላይ ይሁን። ቁጥሩም አዲስ አበባ ፋይል ውስጥ አይቀመጥ፤ በአፋርኛና በአማርኛ ተጽፎ ዱብቲ፣ አሳይታና አሚባራ ላይ በየቀበሌው ጽሕፈት ቤት በር ይለጠፍ፣ ነሐሴ ሲገባ ሰዉ ውሃው የት እንደደረሰ ከእሱ ጋር ያስተያየው።